ጫማዬ ሰፈሬን ይናገርብኛል

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ዕድሜዬ 25 ነው። ቦሌ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ከተቀጠርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። የምኖረው ቦሌ አራብሳ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ሳይሆን ከጀርባው፣ ሰው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ። ስሙ ቦሌ ይባል እንጂ ከቢሮዬ ጋር አይገናኝም። ከቤት እስከ አስፋልቱ ሩብ ሰዓት በእግር እሄዳለሁ። ከዚያ ሰልፍ፣ ከዚያ ታክሲ እስከ መገናኛ፣ መገናኛ ደግሞ ሌላ ሰልፍ።

ዝናቡ ሳይገባ ችግር አልነበረብኝም። መልበስ እወዳለሁ። ብዙ ልብስ የለኝም፣ ግን ጓደኞቼ "ያለሽን ታውቂበታለሽ" ይሉኛል። ሰኔ ሲገባ ሁሉም ነገር ተበላሸ። ጠዋት አምሮብኝ እወጣለሁ፤ አስፋልት ስደርስ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ነኝ። ሊስትሮ ጋ ቁጭ ብዬ ላስጠርግ ካልኩ ደግሞ አረፍዳለሁ። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ እንግዶች በተቀመጡበት እግሬን አየችና "ዛሬ ደግሞ ከእርሻ ነው የመጣሽው?" አለችኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በኋላ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች አብዛኞቹ ቅርብ ነው የሚኖሩት፤ ሁለቱ መኪና አላቸው። ሐምሌም ይሁን ጥር ጫማቸው ያው ነው። የኔ ጫማ ግን ሰፈሬን ይናገርብኛል። ምሳ አብሬያቸው መውጣት ትቻለሁ። ራይድ እየጠራሁ ልሂድ ብዬ ሞከርኩ፣ ደሞዜ ወሩ ሳይጋመስ አለቀ። እናቴ በስልክ "ቦቲ አድርጊና ሂጂ፣ ማን ያይሻል?" ትለኛለች። እንግዳ ተቀባይን ነው ማን ያይሻል የምትለው!

አሁን ሦስት ነገር እያሰብኩ ነው። ዕቁብ ሲወጣልኝ ውድ ቡትስና ካፖርት ልግዛበት? ቦሌ አካባቢ ከሰው ጋር ተዳብዬ ልከራይ? ወይስ መልበሱን ትቼ በጥቁር ሱሪና በሹራብ ክረምቱን ልግፋው? ፍልሰታም እየመጣ ነው፣ ነጠላዬን እንኳ በዚህ ጭቃ እንዴት እንደምይዛት ግራ ገብቶኛል።

ጭቃ የሰለቻት፣ ከቦሌ አራብሳ

*

የኔ እህት፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ተመልሼ ያነበብኩት "እኔም ሳቅኩ" ያልሽውን ነው። ሰው ሲስቅብን አብረን የምንስቀው ነገሩ ቶሎ እንዲያልፍ ነው። ያልፋል፣ ግን ሆድ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ጫማውንና ካፖርቱን ቆይተን እንመጣበታለን። መጀመሪያ ስለ አለቃሽ ትንሽ እናውራ።

የተናገረችሽ ነገር ውስጥ ሁለት ጉዳይ አለ። እንግዳ ተቀባይዋ ንጹሕ ጫማ አድርጋ እንድትቀመጥ መፈለጓ የሥራ ነገር ነው፤ በዚህ አልፈርድባትም። ሰው ፊት፣ ያውም በቀልድ አድርጋ መናገሯ ግን ጥፋት ነው። ጠራ አድርጋ ብቻሽን ብትነግርሽ ምን ነበረበት? ሁለቱን ለያይተሽ ብታያቸው ይቀልሻል። ለጫማው መላ አለው። ለአነጋገሯ ደግሞ አፍ አለሽ።

እስኪ ልጠይቅሽ። ከዚያ ቀን በፊትም እንዲህ ትልሽ ነበር? ሌሎቹንስ ሰው ፊት ትቀልድባቸዋለች? አመሏ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ አንቺ ላይ ብቻ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ደግሞስ አብረውሽ የሚሠሩት ልጆች ስለ ሰፈርሽ በአፋቸው ያሉሽ ክፉ ነገር አለ? ፈልጌ ፈልጌ በደብዳቤሽ ውስጥ አላገኘሁም። ምሳ መውጣቱን የተውሽው ብለውሽ ነው ወይስ ይሉኛል ብለሽ? መልሱን ለራስሽ መልሺው። ሁለተኛው ከሆነ ግን ነገ አንዷን "ዛሬ ምሳ የት ናችሁ?" በያት። ወደነሱ ለመመለስ ጫማ እስክትገዢ መጠበቅ የለብሽም።

ጫማዬ ሰፈሬን ይናገራል ላልሽው፣ እውነትሽን ነው፣ ይናገራል። የአዲስ አበባ ጭቃ እንደየሰፈሩ ነው። ወደ እንጦጦ ያለው ቀላ ይላል፤ በእናንተ በኩል ያለው ዋልካ ነው። ዋልካ ደግሞ አመለ ክፉ ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሶል ላይ ይለጠፋል፣ በተለጠፈው ላይ ሌላ ይደረባል። ትንሽ እንደሄድሽ ጫማሽ ሁለተኛ ሶል ያወጣል፣ ቁመትሽም ይጨምራል፤ ያውም ያለ ታኮ። ቦሌ የሚኖሩት ልጆች ይህን አያውቁትም። ከደጃቸው አስፋልት ነው። የአለባበስ ችሎታሽ የትም አልሄደም፣ የተለየው መንገዱ ነው። በተለየ መንገድ እየሄድሽ እንደነሱ ለመልበስ ስትሞክሪ ነው የደከምሽው።

አሁን ወደ ሦስቱ ሐሳቦችሽ።

ቤት መቀየሩን ከጭቃ ጋር ባታያይዥው ይሻላል። አዲስ አበባ ላይ በዓመት ከሚጥለው ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ለሁለት ወር ጭቃ ብለሽ ዓመቱን ሙሉ ከማታውቂያት ሰው ጋር ክፍል ልትጋሪ፣ ኪራይ ልትጨምሪ ነው። ርቀቱ ራሱ፣ ሰልፉ ራሱ በበጋም ያታከተሽ ከሆነ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። እሱን መስከረም ላይ፣ መሬቱ ሲደርቅ ቁጭ ብለሽ አስቢበት። በተናደድሽበት ሰሞን ቤት አይቀየርም።

ጥቁር ሱሪና ሹራቡን አልወደድኩልሽም። መልበስ የምትወድ ልጅ ክረምቱን ሙሉ ተደብቃ ልትከርም? ደግሞም ጥቁር ልብስ ጭቃ ይደብቃል የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። እርጥቡን ይደብቃል። ሲደርቅ ግን ነጣ ብሎ ይወጣና አራት ሰዓት ላይ ጠቃጠቆው ሁሉ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ግራጫ፣ ቡናማ ወይም ዳማ ዳማ ያለው ጨርቅ ከጥቁር በጣም ይሻላል።

ዕቁቡን ደግሞ ሙሉውን አታጥፊበት። አንድ ጥሩ ካፖርት ግዢ። ጫማው ላይ ብዙ ገንዘብ ላታወጪ ትችያለሽ፣ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

እናትሽ ልክ ናቸው፤ ግማሹን። የመንገድ ጫማና የቢሮ ጫማ አንድ መሆን የለበትም። ቦቲ የሚያሳፍርሽ ቢሮ ስትገቢበት ነው። ታዲያ ቢሮ አትግቢበት። ከአራብሳ እስከ ቢሮሽ ደጃፍ በቦቲ ሂጂ። በሰፈርሽ ጠዋት ቦቲ ያደረገውን ሰው ቁጠሪውማ፣ ማንም ዞር ብሎ አያይሽም። በበጋ የምታምሪበትን ባለ ታኮ ጫማሽን ደግሞ ቢሮ ወስደሽ አስቀምጪው። እዚያው ይክረም። ጠዋት ደርሰሽ ትቀይሪያለሽ፣ ማታ ስትወጪ ትመልሺዋለሽ። የሊስትሮው ወረፋም ቀረልሽ። መገናኛ ሰልፍ ላይ የቆሙትን ሴቶች ቦርሳ ብታስከፍቺ ስንቱ ውስጥ ጫማ እንዳለ ብታዪ ይገርምሽ ነበር።

ቦቲው ጨርሶ አልመጣልሽ ካለ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቡትስ ይበቃል። ሶሉ ወፍራም ጎማ ይሁን። ጥርሱ በጣም ጥልቅ የሆነውን ግን አትውሰጂ፣ ዋልካ ይሞላዋል፣ እንጨት ይዘሽ ስትፎክቺ ትውያለሽ። ካሞሽ በፍጹም፤ አንድ ዝናብ ነው የሚችለው። ቤትሽ የቆየ የቆዳ ቡትስ ካለሽ አዲስ አትግዢ። ጫማ ሰፊ ጋ ወስደሽ የጎማ ሶል አስደርጊበት፣ ዙሪያውንም በክር አሰፊው። ከተለጠፈ ብቻ ውሃ ያስለቅቀዋል። ማታ ጋዜጣ ጠቅጥቀሽ አሳድሪው፤ እርጥበቱን ይስብልሻል። ቶሎ ይድረቅ ብለሽ ምድጃ አጠገብ ካስጠጋሽው ቆዳው ይሰነጠቃል። አዲስ የምትገዢ ከሆነ ደግሞ ወፍራም ካልሲ አድርገሽ ለኪው።

ልብስ ላይ የተፈናጠቀ ጭቃ ቶሎ አይጠረግ። በእርጥቡ ስትጠርጊው ወደ ጨርቁ ታስገቢዋለሽ። ይድረቅና በብሩሽ ይራገፋል፤ ትንሽ ብሩሽ ቦርሳሽ ውስጥ ትኑር።

ካፖርቱ ላይ ግን ጊዜም ገንዘብም አውጪ። በክረምት ሰው ቀድሞ የሚያየው እሱን ነው። ከሥሩ የለበስሽው ሹራብ ያምናው ቢሆን ማን ያውቅብሻል? ቡቲክ መግባት የለብሽም፤ ሳልቫጅ ውስጥ ጥሩ ጥሩ ነገር ይገኛል፣ ዓይን ካለሽ። መርካቶም ሂጂ፣ ሰፈርሽ የሚዘረጉትም ጋ እዪ፣ ብቻ የሚጠጣ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ይዘሽ ሂጂ። ሻጩን አስፈቅደሽ እጅጌው ላይ ጠብ አድርጊበት። ውሃው ክብ ክብ ሠርቶ ከተንከባለለ ጨርቁ ገና ደህና ነው። ጠቆር ብሎ ከጠጣው፣ መልኩ ምንም ቢያምር የዝናብ ልብስ አይሆንሽም።

ከዚያ ገልብጪው። የካፖርት ድካም የሚታወቀው ከውስጥ ነው። ደህና የዝናብ ካፖርት ስፌቱ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ቀጭን ፕላስተር ተለጥፎበታል። ጨርቁ ውሃ ባያስገባ እንኳ መርፌው የበሳው ቀዳዳ ያስገባልና ያንን ለመድፈን ነው። ትከሻና ብብት ላይ ያለውን በጣትሽ ዳስሺ፤ የተላጠ ከሆነ መጀመሪያ የሚረጥበው ትከሻሽ ነው። ዋጋ አስቀንሺ ወይም ተይው። ዚፑን ደጋግመሽ ክፈቺ ዝጊው። ኮፍያውን አድርገሽ ራስሽን ግራ ቀኝ አዙሪ፤ ዓይንሽን የሚጋርድ ከሆነ መንገድ ስትሻገሪ አደጋ ነው። ርዝመቱ ጉልበትሽ ጋ ቢደርስ ደስ ይለኛል። ታክሲ ውስጥ መስኮቱ የሚያፈስበት ወንበር ሲደርስሽ ታመሰግኚኛለሽ። ወገቡ ላይ ቀበቶ ካለው እሰየው፣ ቅርጽ ይሰጥሻል። ከሌለው ልብስ ሰፊ ከጀርባው በትንሹ ይይዝልሻል፤ ብቻ ብዙ ቦታ አይብሳው።

ቀለሙን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ። ጥቁር አትግዢ። ሐምሌ ራሱ ጨለማ ነው፣ እኛ ደግሞ አንጨምርበት። ቢጫ፣ የበርበሬ ቀይ፣ ደማቅ ሰማያዊ፣ የሚስማማሽን አንቺ ታውቂያለሽ። ማታ አስፋልት ስትሻገሪም ሹፌሩ ቀድሞ ያይሻል። ደማቅ ካፖርት ከገዛሽ ሌላው ልብስሽ ረጋ ይበል፤ አንድ ሻርፕ ጣል ብታደርጊበት ይበቃል።

ከካፖርቱ ሥር ስስ ስስ ነገር ደራርቢ። ጠዋት ስትወጪ ብርዱ ወደ 10 ዲግሪ ነው፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ብልጭ ስትል 20 ይደርሳል። አንድ ወፍራም ሹራብ ካደረግሽ ወይ ይበርድሻል ወይ ያልብሻል። ሁለት ስስ ከሆነ አንዱን አውልቀሽ ወንበርሽ ላይ ጣል ነው።

ጂንስን ለጥቂት ወራት እርሺው። ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ቅዳሜ የታጠበው ሰኞም አይደርቅም። ብዙ ሴት ክረምት ሲገባ ቀሚስ ትሰቅላለች። እኔ ግን ጉልበት የሚደርስ ጉርድ ከወፍራም ስቶኪንግና ከቦቲ ጋር ከሱሪ ይበልጣል ባይ ነኝ። ጭቃው የሚደርስበት ቦታ ላይ ጨርቅ የለማ! ቦቲው ይታጠባል፣ ስቶኪንጉ ከረጠበ ይቀየራል። አንድ ትርፍ ስቶኪንግ ቢሮሽ ካለው ጫማ ጋር ይቀመጥ። ሱሪ ስትለብሺ ደግሞ እግሩ ጠበብ ያለ ይሁን፤ ቦቲው ውስጥ ይገባል፣ ቢሮ ስትደርሺ ታወጪዋለሽ። ሰፊ ሱሪሽ መስከረምን ይጠብቅ።

ዣንጥላ ያዢ፣ ግን አትመኪበት። ሰልፍ ላይ የሰው ዓይን ይወጋል፣ ታክሲ ውስጥ የጎረቤትሽን ጉልበት ያረጥባል፣ ንፋስ ሲመጣ ይገለበጣል። ስትገቢ የምትከቺበት ላስቲክ ይኑርሽ። ፀጉርሽንም አስቢበት። ካስክ ገብተሽ በወጣሽ ማግስት ዶፍ ሲወርድ ማበድ ነው። ሹሩባ ተሠሪና ክረምቱን ተገላገዪ፤ ከደማቅ ካፖርት ጋር ደግሞ ያምርብሻል።

አንዲት ክፍል ውስጥ ስለምትኖሪ ልብስ ማድረቁ ሳያስቸግርሽ አይቀርም። ብዙ አከማችተሽ አትጠቢ። ትንሽ ትንሽ እያጠብሽ፣ አራርቀሽ መስኮት አጠገብ ስቀዪ፤ ተጠጋግቶ የደረቀ ልብስ ይሸታል፣ ሽቶም አያድነውም። ጠዋት ትንሽ እርጥበት ከቀረው በካውያ ጨርሺው። አንድ ነገር ግን አደራ። ልብስ ይድረቅ፣ ቤት ይሙቅ ብለሽ ከሰል አቀጣጥለሽ በር ዘግተሽ እንዳትተኚ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ በእንቅልፍ ልብሽ ይወስድሻል። በዚህ የለመድኩት ነው የሚባል ነገር የለም።

ነጠላሽን ከቤት ለብሰሻት አትውጪ። አጣጥፈሽ ላስቲክ ውስጥ፣ ላስቲኩን ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊና ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ልበሻት። እስከዚያ ሻርፕሽ ይበቃል። ጫማ ስለምታወልቂ ማሰሪያ የሌለው ይሁን፤ ደረቅ ካልሲም ያዢ፣ በረጠበ ካልሲ ቅዳሴ ማስቀደስ ከባድ ነው። ጭቃ ከነካት ይድረቅ፣ አራግፊው፣ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ አለቅልቂያት፣ ሳሙናው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ አለቃሽ እንመለስ። ጫማውን ቢሮ ለማስቀመጥ ፈቃድ ስለሚያስፈልግሽ መናገርሽ አይቀርም፤ አጋጣሚውን ተጠቀሚበት። ሰኞ ጠዋት አይሁን። ዓርብ ከሰዓት፣ ሥራው ቀዝቀዝ ሲል፣ ብቻዋን ስትሆን ግቢ። ብዙ አታብራሪ፣ ስለ መንገዱም አትማረሪ። ለምሳሌ እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ "ባለፈው እንግዶች ፊት ስለ ጫማዬ የተናገሩኝ አሳፍሮኛል፣ ሌላ ጊዜ ለብቻዬ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። ጫማዬ ንጹሕ እንዲሆን እኔም እፈልጋለሁ። ከሰኞ ጀምሮ እዚህ እየቀየርኩ ልገባ ስለሆነ ጫማና ካፖርት የማኖርበት ቦታ ቢፈቅዱልኝ?" የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ለመናገር ልብሽ ካልደፈረ፣ ቦታውን ብቻ ጠይቂና ውጪ። ሌላውን ሌላ ቀን ትደርሺበታለሽ። በፊትሽ መስተዋት ካለ አንዴ ጮክ ብለሽ ሞክሪው፤ ሲጻፍ የቀለለው አፍ ውስጥ ይከብዳል።

ምናልባት ቦታ የለም ብትልሽ አትከራከሪ። ጥበቃዎቹን ወይ ሻይ የምታፈላውን ሴት ጠይቂ። እነሱም ብዙውን ጊዜ ከሩቅ ሰፈር ነው የሚመጡት፤ እዚያ ሕንፃ ውስጥ ጫማ የት እንደሚቀየርና ቦቲ የት እንደሚታጠብ ከማንም በላይ ያውቃሉ።